ሬስሊንግን ያስረጀው ውሸትነቱ አይደለም

ይድረስ በመድረክ፣ በካሜራና በድርሰት ሥራ ለመኖር ላሰባችሁ ወጣቶች፤

የቴሌቪዥን ሬስሊንግ ለምን የአባቶቻችሁ ዘመን ነገር መሰለ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነው፤ «ውሸት መሆኑ ታወቀበታ!» ይህን መልስ አትቀበሉ። ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን ባለቤቶቹ ራሳቸው ካመኑ ቆይተዋል። የቪንስ ማክማሃን ኩባንያ፣ ያኔ ደብሊው ደብሊው ኤፍ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው፣ በ1989 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) በኒው ጀርሲ ግዛት ምክር ቤት ዘንድ ሥራው ውድድር ሳይሆን ትርዒት መሆኑን ያመነው በስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ግብር ሥር ላለመግባት ነበር። ሬስሊንግ በወጣቱ ዘንድ እጅግ የደመቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ከ1996 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ነው። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ጭቃው ዳቦ አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ዳቦውን የረገጠባቸውን ልጅ ግን ከጨዋታው ያባርሩታል። ሬስሊንግ የደከመው ዳቦውን ራሱ ባለቤቱ መርገጥ ሲጀምር ነው።

አንዲት ሌሊት ይህን ሁሉ ታሳያለች። ጃንዋሪ 4 ቀን 1999፣ ሰኞ። ሁለት ተቀናቃኝ ፕሮግራሞች በተመሳሳይ ሰዓት ይተላለፋሉ፤ የማክማሃን «ሮው» እና የቴድ ተርነር ድርጅት የደብሊው ሲ ደብሊው «ናይትሮ»። «ሮው» የዚያን ዕለት የሚያሳየው ቀደም ብሎ የተቀረጸ ነው። የናይትሮ አስተላላፊ ይህን እንደ ድክመት ቆጥሮ ውጤቱን በአየር ላይ ዘረገፈው፤ ሚክ ፎሊ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ተሳለቀ። ውጤቱን የሰሙት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመልካቾች ምን አደረጉ? ጣቢያ ቀይረው ሊያዩት ሄዱ። ፎሊ ለዓመታት ሲወድቅና ሲቀጠቀጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ አንደርቴከር የተባለው ተፋላሚ አምስት ሜትር ገደማ ከሚሆን የብረት አጥር አናት ላይ ወርውሮታል። የዚህ ሰው ማሸነፍ ትርጉም ስለነበረው፣ ውጤቱን ማወቃቸው ጉጉታቸውን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

በዚያው ሌሊት በናይትሮ መድረክ፣ አትላንታ ውስጥ፣ ሌላ ነገር ሆነ። ለረጅም ጊዜ ሳይሸነፍ የቆየው ጎልድበርግ ከስምንት ቀን በፊት በኬቪን ናሽ ተሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን አጥቷል። ሕዝቡ የበቀሉን ግጥሚያ ይጠብቃል። በጎልድበርግ ፈንታ ሃልክ ሆጋን ገባ፤ ናሽን ደረቱ ላይ በአንድ ጣት ነካ አደረገው፤ ናሽ ተዘረረ፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ (ትከሻው ወለል ላይ እንዳለ ሦስት የተቆጠረበት ተሸነፈ)፤ ቀበቶው ለሆጋን ሆነ። በጣት መነካት እጅ የሚለዋወጥ ቀበቶ ለማግኘት ማን ደም ቢያፈስስ ያምርበታል? ደብሊው ሲ ደብሊው የሞተው በዚያ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ብክነትም የቴሌቪዥን ባለቤቶች ውሳኔም አለበት። በማርች 2001 ግን ተቀናቃኙ ገዛው፤ ውድድሩም አበቃ።

የዛሬው እርጅና እንደዚያች ጣት ጎልቶ አይታይም። ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ነው።

በሰዓቱ ልጀምር። «ሮው» በጁላይ 2012 ከሁለት ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት አደገ። ለማስታወቂያ ሻጩ ጥሩ ነው፤ ለጸሐፊው መርዝ ነው። ሦስት ሰዓት በየሳምንቱ ለመሙላት ያው ሁለት ሰው ደጋግሞ ይጋጠማል። ሁለቱንም «ላለማበላሸት» ደግሞ ዛሬ አንዱ ያሸንፋል፣ በሳምንቱ ሌላው። አስሉት፤ በአራት ሳምንት ሁለት ለሁለት ነው፤ ማለትም አራት ግጥሚያ ተደርጎ ምንም አልሆነም። ተመልካቹ ይህን ሒሳብ በወረቀት አይሠራውም፤ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል። በአምስተኛው ሳምንት ግጥሚያው ሲጀመር ስልኩን ያነሣል።

ቀጥሎ የማሳረጊያ ምት ዋጋ አለ። ድሮ ተፋላሚው ጄክ ሮበርትስ ዲዲቲ (የተቀናቃኙን ራስ በብብት ይዞ ከወለሉ ጋር የሚያላትም ምት) ሲሠራ ተቀናቃኙ አይነሣም፤ ነገሩ አለቀ። ዛሬ ያው ዲዲቲ በግጥሚያ መሐል የመሸጋገሪያ እንቅስቃሴ ነው። የሆነው እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ለትልቅ ግጥሚያ ማሟሟቂያ ሲባል አንዱ ከማሳረጊያው ምት በሁለት ቆጠራ ትከሻውን አነሣ፤ አዳራሹ ፈነዳ። በወሩ ሌላው ደገመው። ከዚያ ሁለቴ መነሣት አስፈለገ፣ ከዚያ ሦስቴ። ያለ ልክ እንደታተመ ገንዘብ ነው፤ ብዛቱ ሲጨምር የሚገዛው ይቀንሳል። ግጥሚያ የምትጽፉ ከሆነ ማሳረጊያ ተመትቶ መነሣትን በዓመት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አስቀምጡት፤ በሌላው ቀን ሁሉ ያ ምት ያለ ክርክር ይጨርስ።

ንግግሩም አለ። በጁን 1996 ተፋላሚው ስቲቭ ኦስቲን «ኪንግ ኦቭ ዘ ሪንግ» (የሪንጉ ንጉሥ) የተባለውን ውድድር ሲያሸንፍ፣ በእሱ የተሸነፈው ጄክ ሮበርትስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅስ ሰባኪ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ኦስቲን ማይኩን ይዞ ያንን ስብከት ወደ ራሱ ስም ለወጠው፤ «ኦስቲን 3:16» አለ። ጥቅሱ ለዓመታት ካናቴራ ላይ ኖረ። ይህን የጻፈለት አልነበረም። በኋላ ግን ንግግሮች በጸሐፊዎች ቃል በቃል ተጽፈው፣ ጸድቀው ለተፋላሚው መሰጠት ጀመሩ። ችግሩ ጽሑፉ መጥፎ መሆኑ አይደለም፤ አንዳንዱ ግሩም ነው። ግን የሸመደደውን ለማስታወስ የሚጥር ሰው ሕዝቡን አይሰማም። ሕዝቡ ያልታሰበ ነገር ሲጮህ የተናጋሪው ዓይን ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ። ለሚናገር ሰው ሦስት ነገር ብቻ ስጡት፤ ከየት እንደሚነሣ፣ የማንን ስም ሳይጠራ እንደማይወርድ፣ በምን እንደሚዘጋ። ርዝመቱን በደቂቃ ንገሩት። የቀረውን ተዉለት።

በካሜራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ የምትገቡበት በር እሱ ነውና። የደብሊው ደብሊው ኢ ሪንግ በየጎኑ 20 ጫማ፣ ስድስት ሜትር ገደማ ነው፤ ከፊት ለፊት የሚቆም አንድ ቋሚ ካሜራ ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። ለብዙ ዓመታት ግን ልማዱ ምቱ በሚያርፍባት ቅጽበት ምስል መቀየር ሆነ። መነሻው ምክንያት ነበረው፤ ያልነካ ቡጢ እንዳይታይ። ልማድ ሲሆን ግን ጥሩውንም መጥፎውንም አብሮ ደበቀ። ተመልካቹ ሰውየው ከየት ተነሥቶ የት እንደወደቀ አያውቅም፤ ሕመሙን የሚያሳየውን ፊትም አያገኝም። ዳይሬክተር ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ሰፊውን ምስል ከመውደቁ በፊት ያዙ፣ መውደቁንም በእሱ ጨርሱ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ፊቱ ግቡ። ቡጢው ካልነካ ጥፋቱ የቡጢው ነው፤ ልምምድ ላይ ይታረም።

(ሪንግ ውስጥ መግባት ለምትፈልጉ በቅንፍ፤ ከታች ብረትና ጣውላ ነው፣ በላዩ ስስ ስፖንጅና ሸራ። ወደ ኋላ ስትወድቁ አገጭ ወደ ደረት ይጣበቅ፣ የላይኛው ጀርባ ጠፍጣፋ ሆኖ ይረፍ፣ መዳፎች ከጎን ሸራውን ይምቱ፣ ትንፋሽ ይውጣ። እጅን ወደ ኋላ ልኮ ለመደገፍ የሚሞክር ሰው ክንዱን ይሰብራል። «ውሸት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይሠራም።)

ወጣቱን የገፋው ሌላው ነገር የሽማግሌ ዙፋን ነው። ጎልድበርግ በ2017 በ50 ዓመቱ፣ በ2020 ደግሞ ሪያድ ላይ በ53 ዓመቱ ዋናውን ቀበቶ ወሰደ። ስሙ ለአንድ ሌሊት ቲኬት ይሸጣል። ግን ዓመቱን ሙሉ በየከተማው የሚወድቀው ወጣት ከትናንት ሰው ያነሰ ነው ብሎ ያወጀው ማን ሆነ? ፕሮግራሙ ራሱ። እንደ እኔ ያለ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው በመድረክ የሚፈለገው ወጣቱን አንሥቶ ራሱ ለመውደቅ ነው።

«ገንዘቡስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ «ሮው» በጃንዋሪ 2025 ወደ ኔትፍሊክስ የገባው ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የ10 ዓመት ውል ነው። ግን ይህ ገንዘብ በየሳምንቱ ያለ ዕረፍት በቀጥታ የሚቀርብ ነገር ብርቅ ስለሆነ የሚከፈል ነው፤ ገበያና ፋሽን አይምታቱባችሁ። ጥሩ ምልክት ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ እዩ። ሮማን ሬይንስ ቀበቶውን 1,316 ቀን ይዞ ቆይቶ በኤፕሪል 2024 ለኮዲ ሮድስ ሲለቅ፣ አዳራሹ እንደ ድሮው ጮኸ። አዲስ ዘዴ አልነበረበትም። ኮዲ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ዓመታዊ ትልቅ ዝግጅት፣ በሬስልማንያ፣ ተሸንፎ ነበር፤ ሽንፈቱም ሳይሰረዝ ቆየ።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን አንድ ግጥሚያ ምረጡና ሦስት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ፤ ማን ጥሩ፣ ማን ክፉ እንደሆነ በአካላቸው ብቻ ካልለያችሁ ጻፉት። ሁለተኛ ሰዓት ይዛችሁ፤ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ምስል እንደተቀየረ፣ ስንት ጊዜ በሁለት ቆጠራ እንደተነሡ ቁጠሩ። ሦስተኛ ምስሉን ሸፍናችሁ ሕዝቡን ብቻ ስሙ፤ ዝም ያለበትን ደቂቃ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በገጹ ግርጌ «ይህ ግጥሚያ ምን ቀየረ?» ብላችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳችሁ ሙሉት። የምትጽፉት ካጣችሁ፣ ያንኑ ግጥሚያ አንድ ነገር እንዲቀይር አድርጋችሁ በአንድ ገጽ እንደገና ጻፉት።