የቮልስ ዲስትሪቢውተር ሲመለስ ትንሿ ሞላ እንዳትጠፋ

ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም፣ ጥያቄህን አየሁት። የቮልስህን ዲስትሪቢውተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ልታጸዳ ስትነቅለው ቀጭን ሞላ ከሥሩ ወደቀች፤ የት ነው የምትገባው፣ ስመልስስ እንዴት ላስይዛት ነው ያልከው።

እንኳን መሬት ላይ ወደቀች። ቦታዋ ሞተሩ ውስጥ፣ ዲስትሪቢውተሩን የሚያዞረው ዘንግ አናት ላይ ነው። መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ እዚያ ትቆማለች። ዲስትሪቢውተሩ ከላይ ይጫናታል፣ እሷ ደግሞ ዘንጉን ወደ ታች ትይዘዋለች። «ያለሷም ይሄዳል» የሚሉህን አትስማ። የእስክሪብቶ ሞላም እንዳታስብ!

ስትመልሳት በጣትህ አትልቀቃት። ቀጭን ረጅም ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አቁምና ሞላዋን በሽቦው ላይ ሰክተህ ልቀቃት፤ ተንሸራታ ቦታዋ ትገባለች። ሥሯን ትንሽ ግሪስ ቀባት። ሽቦውን ቀስ ብለህ ሳብና ቀጥ ብላ መቆሟን በባትሪ እይ።

ዘንጉን ግን ካልተገደድክ አትንቀለው። ከሥሩ ስስ ሮንዴላዎች (ቀለበት የሚመስሉ ብረቶች) አሉ። ዘይቱ ከዘንጉ ጋር ያጣብቃቸውና ግማሽ መንገድ መጥተው ጠብ ይላሉ። እኔን ደብረ ማርቆስ ላይ ይሄ ገጥሞኛል። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እንደዚያም ሆኖ አንዷ ሮንዴላ «ጭል» ብላ ሞተሩ ውስጥ ስትገባ ሰማኋት። አብሮኝ የነበረው ልጅ «አስነሳው፣ ራሷ ትወጣለች» አይለኝም! አስነስቼው ቢሆን ዘንጉን የሚያዞረው ጥርስ ውስጥ ትገባ ነበር። ረጅም ካቻቪቴ በአሮጌ ስፒከር ማግኔት ላይ አሸት አሸት አድርጌ፣ ጣና ላይ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው ሁለት ሰዓት ጎንብሼ አወጣኋት። ሞተሩን በእጅም ቢሆን አላዞርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ቀዳዳው ክፍት አያድርም። የምደፍነው በነጭ ጨርቅ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ውስጥ ይረሳል። መኪናው ሥር አሮጌ ነጠላ አነጥፋለሁ፣ የወደቀ ሁሉ ይታየኛል። (ነጠላው አሮጌ መሆኑን ባለቤቴ እስካሁን አላመነችም።)

ዲስትሪቢውተሩን ሞተሩ ላይ የሚያስሩት 13 ቁጥር ዳዶውና ሮንዴላው ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆኑ ቁልፉ ውስጥ በግሪስ አጣብቀህ አድርሳቸው። ዲስትሪቢውተሩን ስታወጣ ይህን ዳዶ ብቻ ፈትተህ፣ አንገቱን የያዘውን ቡሎን ካልነካህ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት) አይዛባም። ስትመልሰው ቁጭ ካላለ ሮተሩን (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ አናቱ ላይ የሚዞረውን) በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው። ሥሩ ያለው ጥርስ ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። ሳይቀመጥ በዳዶ ልጫነው ብትል ትሰብረዋለህ።

ሞላዋ ከተጣመመች ፎቶዋን ላክልኝ፤ ከፈታሁት ሞተር የተረፉ ሁለት አሉኝ።