ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ፈተና ስለወደቁ የመርሳት በሽታ አለባቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ አካባቢ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከማግዛቸው አንዷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ወገን የሆኑ) እናት ናቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም። በቅርቡ የማስታወስ ፈተና ተሰጥቷቸው ከ30 ያገኙት 15 ነው። «የመርሳት በሽታ ነው» ተባለ። እኔ ግን የዘመዶቻቸውን ስም ከነዘር ሐረጋቸው ሲቆጥሩ ነው የምሰማቸው። ፈተናው ይታመናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በዚህ ነጥብ ብቻ በሽታው አለ ለማለት አልደፍርም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ባለ 30 ነጥብ ፈተና ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ቅርጽ አይቶ መሳል አለበት። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ ሰው እዚህ ላይ ነጥብ ቢያጡ ምን ይገርማል?

ደግነቱ እዚያው ኪምበርሊ ለአቦርጂናል አዛውንት የተሰናዳ መመዘኛ አለ። ኪካ ይባላል፤ ጥናቱ በ2006 ታትሟል። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። ማበጠሪያ፣ ኩባያና ክብሪት ያሳዩዋቸውና ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚያገለግሉ ይጠይቋቸዋል። ዕቃዎቹን ያስቀምጡና ቆየት ብለው «የት አደረግኳቸው?» ይሏቸዋል። የሚታደኑ እንስሳትን ስም ያስጠሯቸዋል። ጠርሙስ ከፍተው ውኃ እንዲቀዱ ያደርጋሉ። ከ39 ነጥብ 33 ወይም ከዚያ በታች ካገኙ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህ እንዲደረግላቸው ጠይቁላቸው። ቋንቋቸውን የሚችል አስተርጓሚም ይኑር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የዘር ሐረግ መቁጠራቸው በሽታው እንደሌለ አያረጋግጥም። የድሮ ትዝታ ቶሎ አይጠፋም፤ ቀድሞ የሚጠፋው የትናንቱ ነው። «ስላልተማሩ ነው» ብሎ መተውም ይጎዳቸዋል። በ2008 በታተመ የኪምበርሊ ጥናት፣ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው አቦርጂናሎች 12.4 በመቶው የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ይህ በጣም ከፍተኛ ነው።

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ከበፊቱ ማንነታቸው ምን ተለወጠ የሚለው ነው። የሚያውቁት መንገድ ይጠፋባቸዋል? አንዱን ወሬ ደጋግመው ያወራሉ? ገንዘባቸውን መያዝ አቅቷቸዋል? ይህን አብረው የኖሩ ቤተሰቦቻቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጆሯቸውና ዓይናቸውም ይታይ፤ ያልሰሙትን ጥያቄ መመለስ አይችሉም። ድባቴ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና አንዳንድ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ። እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

የራሳችን ያልተማሩ እናትና አባት ውጭ አገር ሲመረመሩም ይኸው ነገር ያጋጥማል። ለእነሱ ሲድኒ ውስጥ የተሠራውን ሩዳስ የተባለ መመዘኛ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል፤ የትምህርት ደረጃ ብዙም አይጫነውም።

ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ፈተና አይጠበቅም። ኢንፌክሽን ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው።