ሞናኮን በአንድ ቀን፦ በከተማዋ ስለመዘዋወር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጠዋት ኒስ አየር ማረፊያ እንደርሳለን፤ ማታ ተመላሾች ነን። ወደ ሞናኮ በምን ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ በባቡር ሂዱ። ወደ ኒስ መሐል ከተማ መግባትም አያስፈልጋችሁም። ኒስ ሴንት ኦጉስታን የሚባለው ጣቢያ ከተርሚናል 1 በእግር 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ሻንጣ ከያዛችሁ 2 ቁጥር ትራም ተሳፍራችሁ ግራንድ አሬናስ ላይ ውረዱ፤ ከተርሚናሎቹ እስከዚያ ድረስ በነጻ ነው። ከዚያ ወደ ጣቢያው በእግር ሂዱ፤ ከጣቢያው እስከ ሞናኮ ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር ነው። የደርሶ መልስ ትኬት አንድ ላይ ቁረጡ፤ ማታ ሞናኮ ማሽኑ ጋ መሰለፍ ይቀርላችኋል። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ባሕሩ በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የያዝኩት የሼንገን ቪዛ ነው። ለሞናኮ ሌላ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ለአጭር ጉብኝት አያስፈልግም። በፈረንሳይና በሞናኮ መካከል የድንበር ፍተሻ የለም። ፓስፖርትዎን ግን ይያዙ፤ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል፣ ካሲኖውም ያለ መታወቂያ ለጨዋታ አያስገባም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ስንሄድ ስልኬ «300 ሜትር ቀረህ» እያለኝ ግማሽ ሰዓት ዞርን። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የካርታው ነው። ሞናኮ በጠቅላላው 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የተሠራችው ግን ከባሕሩ ቀጥ ብሎ በሚወጣ ገደል ላይ ነው። ሁለት መንገዶች ካርታው ላይ ጎን ለጎን ይታዩና በመካከላቸው የብዙ ፎቅ ከፍታ ይኖራል። ስልኩ ርቀቱን እንጂ ከፍታውን በደንብ አያሳይም። ስለዚህ «ምን ያህል ይርቃል?» ከማለት በፊት «ከእኔ በላይ ነው ወይስ በታች?» ብለህ ጠይቅ።

ለዚህ መፍትሔው የሕዝብ አሳንሰር ነው። ከ70 በላይ አሉ፣ ሁሉም በነጻ ናቸው፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎችም በየቦታው አሉ። ብዙ እንግዳ የግል ሕንጻ መግቢያ እየመሰለው ያልፋቸዋል። ምልክቱ ላይ «አሶንሰር ፑብሊክ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ካየህ ያለ ሥጋት ግባ። ከታች ገብተህ ላይ ስትወጣ ሌላ መንገድ ላይ ነህ።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከባቡር ጣቢያው ነው። ጣቢያው ተራራው ውስጥ ተቦርቡሮ የተሠራ ስለሆነ ከውስጥ ሆነህ አቅጣጫህን አታውቅም፣ የስልኩ ጂፒኤስም አይሠራም። መውጫዎቹ በተለያየ ከፍታ ላይ ናቸው። ለወደቡ «ሴንት ዴቮት» የሚለውን፣ ቤተ መንግሥቱ ላለበት አለትና ለስታዲየሙ «ፎንቪየይ» የሚለውን ተከተል። ተሳስተህ በላይኛው በር ከወጣህ በውጭ ከመዞር ተመልሰህ ጣቢያው ውስጥ መውረድ ይቀላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቤተ መንግሥቱንም ወደቡንም እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በፎንቪየይ በኩል ወጥታችሁ ወደ ፕላስ ዳርም ሂዱ። ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወጣው የእግር መንገድ ውብ ቢሆንም ዳገት ነው፤ ለእማማ አይሆንም። 1 ወይም 2 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ሞናኮ ቪል (ቤተ መንግሥቱ ያለበት አለት) ውረዱ። ሲሳፈሩ «ሞናኮ ቪል» የሚለውን አረጋግጡ፤ እነዚሁ ቁጥሮች በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄዳሉ። የነጠላ ጉዞ ዋጋ 2 ዩሮ ገደማ ነው።

የዘብ ቅያሬው 11:55 ላይ ነው (በፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነው፣ በእኛ ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀር)። እሳቸው ከፊት እንዲቆሙ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። አለቱ ላይ ያሉት ጠባብ መንገዶች ከዚያ በኋላ አይከብዱም። ከውቅያኖስ ሙዚየሙ አጠገብ ባለው አሳንሰር ወደ ፔሸር መኪና ማቆሚያ ወርዳችሁ በባሕሩ ዳር ቀስ እያላችሁ ወደ ወደቡ ኑ። ወደቡን በእግር መዞር ረጅም ስለሆነ በመሐሉ የምትሻገረውን ትንሽ ጀልባ ተሳፈሩ፤ የሕዝብ መጓጓዣ ናት። ማዶ ከወረዳችሁ በኋላ ወደ ካሲኖው ያለው አቀበት አጭር ግን ብርቱ ነው፤ እዚያ አሳንሰር ወይም አውቶቡስ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሐምሌ ላይ ለአትሌቲክሱ ውድድር፣ ለዳይመንድ ሊጉ ልሄድ ነው። ስታዲየሙ በእግር ይደረሳል?

መልስ፦ ይደረሳል፣ እንዲያውም ቀላሉ ቦታ እሱ ነው። ሉዊ 2ኛ ስታዲየም ያለው ፎንቪየይ ነው፤ ሰፈሩ ባሕር ተደልድሎ የተሠራ ስለሆነ ሜዳማ ነው። ገንዘቤ ዲባባ በጁላይ 2015 የ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን 3:50.07 ገብታ የሰበረችው እዚሁ ነው፤ ለእኛ ሰው ያን መም ቆሞ ማየት ብቻውን ያስደስታል። ከጣቢያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእግር ይበቃል። ሲያልቅ ግን ሁሉም ሰው ባንዴ ወደ ጣቢያ ይጎርፋል። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀድመህ እይ፤ ከእሱ በፊት ያለውን ለመያዝ አስብ።

ጥያቄ፦ መኪና ተከራይተን ብንመጣስ?

መልስ፦ አልመክርም። ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት አለት የሚፈቀደው የሞናኮ ወይም 06 ቁጥር (ኒስ ያለችበት ክፍለ ሀገር ቁጥር) ያለው የፈረንሳይ ሰሌዳ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ ባለው ሰማያዊ መስመር ታገኙታላችሁ። የኪራይ መኪና ከኒስ ብትወስዱም ብዙ ጊዜ የሌላ ክፍለ ሀገር ቁጥር ስለሚኖረው ኬላው ላይ ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ የጀርመን ሲም ካርድ ነው ያለኝ። ኢንተርኔቱ እንደ ፈረንሳይ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሞናኮ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ኅብረቱ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠራው ጥቅል እዚያ እንዲሠራ ኩባንያዎች አይገደዱም። አንዳንዱ ያካትታል፣ አንዳንዱ ለየብቻ ያስከፍላል። ኩባንያህን ጠይቅ፤ ካላካተተ ከኒስ ሳትነሳ ካርታውን አውርደህ ዳታህን ዝጋ።

ጥያቄ፦ መቼ ባንመጣ ይሻላል?

መልስ፦ በፎርሙላ ዋን ሰሞን። ውድድሩ ለረጅም ዓመታት በሜይ መጨረሻ ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ወደ ጁን መጀመሪያ ተዛውሯል። የሚሮጠው በከተማው መንገድ ላይ ስለሆነ አጥርና የተመልካች መቀመጫ መትከል ከሳምንታት በፊት ይጀመራል፤ በወደቡ በኩል የተለመዱት መሻገሪያዎች ይዘጋሉ፣ አውቶቡሶችም መንገድ ይቀይራሉ። ለውድድሩ ካልሆነ በስተቀር አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ያን ሰሞን ባይመጣ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ መዋኘት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ላርቮቶ ውሰዷቸው፤ የሕዝብ የባሕር ዳርቻ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ጠጠር ስለሆነ የውሃ ጫማ ያዙላቸው። ከባሕር ዳርቻው ስትወጡ ልብስ ይልበሱ፤ በዋና ልብስ ወይም በባዶ እግር ከተማ ውስጥ መሄድ ክልክል ነው።