ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት

በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ፊትዎ እንደሚጨልም፣ ድምፅዎም ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ እንደሚመስል ባልደረቦችዎ ስለነገሩዎት አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ለዓመታት የሥራ ቀኔን አብዛኛውን ክፍል በእንዲህ ያለ ስብሰባ አሳልፌአለሁ፤ ካሜራም ገዝቼ አይቻለሁ። ለጊዜው ባይገዙ ይሻላል እላለሁ።

ከድምፁ ልጀምር፤ ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ማዳመጡን ይተዋል። ድምፅዎ ከጉድጓድ የወጣ የሚመስለው ማይክሮፎኑ ከአፍዎ ስለራቀና ከግድግዳው እየነጠረ የሚመለሰው ድምፅ ከንግግርዎ ጋር ስለሚቀላቀል ነው። ርቀቱን በግማሽ ቢቀንሱ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ገመዷ ላይ ማይክሮፎን ያላት ተራ ማዳመጫ እንኳ ክንድ ያህል ከራቀው የላፕቶፕ ማይክሮፎን ይበልጣል። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ደግሞ ማስተጋባቱን ራሱን ይቀንሰዋል። የገመዷ ማይክሮፎን ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ስትፋተግ ለተናጋሪው አይታወቀውም፤ እኔ የነቃሁት አንድ ባልደረባዬ «ወረቀት እየቀደድክ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫም ቢሆን ሙዚቃ ሲያሰማ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ፣ ማይክሮፎኑ ሲከፈት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጥራቱ ወርዶ ድምፁ ይታፈናል።

ፊትዎ የሚጨልመው ምናልባት መስኮቱ ከጀርባዎ ስለሆነ ነው። ካሜራው ብርሃኑን የሚመጥነው በደማቁ መስኮት ልክ ስለሆነ፣ እርስዎ ጥላ ሆነው ይቀራሉ፤ ውድ ካሜራም ቢሆን ከዚህ ብዙ አያድንም። ጠረጴዛውን አዙረው ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያድርጉ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ መብራቱን ከዓይንዎ ከፍ አድርገው ወደ ጎን ቢያስቀምጡት ነጸብራቁ ይጠፋል። ላፕቶፑንም ካሜራው ከዓይንዎ እኩል እስኪሆን ድረስ በመጻሕፍት ላይ ያስቀምጡት፤ አለበለዚያ ሰው የሚያየው አገጭዎንና ጣሪያውን ነው።

እኔ አዲሱን ካሜራ በገዛሁ በሳምንቱ የላፕቶፔን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ወለወልሁት፤ ለወራት ብዥ ያደረገኝ የጣቴ ቅባት ኖሯል።

ምስሉም ድምፁም አብረው የሚቆራረጡ ከሆነ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ የኢንተርኔት መስመሩ ነውና፣ ከተቻለ በዋይፋይ ፈንታ ኬብል ይሰኩ። ቀጣዩ ስብሰባ ሳይደርስ አንድ ደቂቃ ያህል ራስዎን ቀርጸው በማዳመጫ ይስሙት፤ ባልደረቦችዎ የነገሩዎትን ያን ጊዜ በራስዎ ጆሮ ይለዩታል።