ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በ60 ዶላር አገኘሁ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የያዝኩትን ቡና አስቀመጥኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ሲለቅ ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ከ40 ዲስክ ጋር በ60 ዶላር እየሸጠ ነው ብለሃል። «ከብሉሬይ ጋር ያው ነው አይደል? ገዝቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ብልክለትስ?» ነው ጥያቄህ። ከኔ በፊት ስምንት ሰው «ግዛው፣ በነፃ ማለት እኮ ነው» ብሎ መልሶልሃል። ከስምንቱ አንዱም ያንን ማሽን ቤቱ አስገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ አስገብቻለሁ። አሁንም ምድር ቤቴ ውስጥ አለ።

አጭሩ መልስ፦ አትግዛ። ኤችዲ ዲቪዲና ብሉሬይ የተራውን ዲቪዲ ቦታ ለመውሰድ የተፎካከሩ ሁለት የፊልም ዲስኮች ናቸው፣ ኤችዲ ዲቪዲ በ2008 ተሸንፎ ቀርቷል። ጊዜ ካለህ ረጅሙን አንብብ። ቀንና ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. ያው አይደለም። ሁለቱም ሲታዩ ተራ ዲቪዲ ይመስላሉ፣ መጠናቸውም እኩል ነው። ሁለቱንም የሚያነበው ሰማያዊ ሌዘር ነው። የሞገዱ ርዝመት እንኳን አንድ ነው፣ 405 ናኖሜትር። ልዩነቱ መረጃው የተቀበረበት ጥልቀት ነው። ብሉሬይ ላይ ከፊቱ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ይገኛል። ኤችዲ ዲቪዲ ላይ እንደ ተራው ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ብሉሬይ ማሽንህ ውስጥ ኤችዲ ዲቪዲ ብታስገባ መልሶ ይተፋዋል። ብሉሬይ የሚያጫውተው የሶኒ ጌም ማሽን፣ ፕሌይስቴሽንም አያድንህም።

በነገራችን ላይ የጠቡም ሥር ይቺው ቀጭን ልዩነት ናት። ቶሺባና ኤንኢሲ «ያሉትን የዲቪዲ ፋብሪካዎች ትንሽ ነካክተን እንጠቀም፣ ርካሽ ይሆናል» ባዮች ነበሩ። ሶኒ፣ ፓናሶኒክና ፊሊፕስ ደግሞ «ፋብሪካው ይቀየር፣ ዲስኩ ብዙ ይያዝ» ባዮች። ኤችዲ ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 15 ጊጋባይት ይይዛል፣ ብሉሬይ 25። በ2005 ለመስማማት ሞክረው ነበር። አልሆነም። የእልሃቸውን ሂሳብ የከፈልነው እኔና መሰሎቼ ነን።

2. ሻጩ «ሁለቱንም ያጫውታል» ካለህ የሞዴሉን ቁጥር ጠይቀውና ራስህ ፈልገው። ኤልጂና ሳምሰንግ ሁለቱንም የሚያጫውት ሠርተው ነበር። ጥቂት ነው፣ ያኔም ውድ ነበር። የኤልጂው በ2007 ሲወጣ 1,200 ዶላር ገደማ ነበር ዋጋው። በ60 ዶላር ካገኘኸው ለኔም ደውልልኝ።

3. ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ። የኔ ጉድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ2007 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖር ነበር፣ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። አዲስ 42 ኢንች ፍላት ቲቪ ገዝቻለሁ። ለቲቪው የሚመጥን ማጫወቻ ፍለጋ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ነው ያጠናሁት። ዱለስ አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ ተራዬን ስጠብቅ መጽሔት አገላብጣለሁ፣ ዋጋ አወዳድራለሁ። ጓደኞቼ እኔን ሳይጠይቁ ኬብል እንኳን አይገዙም ነበር። ይሄን የምነግርህ ሳያጣራ የገዛ ጅል ነው እንዳትለኝ ነው።

ስሌቴ እንዲህ ነበር። በ2006 የቶሺባ የመጀመሪያው ማሽን 499 ዶላር ሲሸጥ የሳምሰንጉ ብሉሬይ 1,000 ዶላር ነበር። የኤችዲ ዲቪዲ ማሽኖች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኢንተርኔት መሰኪያ ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹ ብሉሬዮች ግን ገና ያላለቀ ነገር ይዘው ነው ገበያ የወጡት። ኤችዲ ዲቪዲ ከአሜሪካ ግዛው ከአውሮፓ፣ የአገር ቁልፍ (የአንዱ አገር ዲስክ በሌላው አገር ማሽን እንዳይከፈት የሚያግድ) የለበትም። የፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል ከመጀመሪያውም ፊልሞቹን የሚያወጣው በኤችዲ ዲቪዲ ብቻ ነበር። በኦገስት 2007 ደግሞ ፓራማውንት ብሉሬይን ትቶ መጣ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ማሽኑ ይሻል ነበር፣ ይሄን ዛሬም ቢሆን እከራከራለሁ።

ኖቬምበር 2 ቀን፣ አርብ፣ አንዳንድ መደብሮች ማሽኑን ከ100 ዶላር በታች አወረዱት። ከሥራ ወጥቼ እንቅልፌን ሳልተኛ ሄድኩ። ገና አልነጋም። ከፊቴ አሥር ሰው ያህል ቆሟል፣ ሁሉም እጁን ኪሱ ከቷል። ማሽኑን አቅፌ ስወጣ የዓለም ዋንጫ ያነሳሁ ነው የመሰለኝ።

በዚያው ቀን የባለቤቴ ወንድም ምን ገዛ መሰለህ? ፕሌይስቴሽን 3። የ399 ዶላሩ ሞዴል የወጣው ያን ዕለት ነበር። ብሉሬይ ማጫወቻ ውስጡ አለ። እሱ ግን «እኔ ለጌም ነው» አለ። ሙድ ያዝኩበት። በዚያ ብር የኔን ዓይነት አራት ይገዛ ነበር እኮ!

ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። ጌም የገዛ ሰው ሁሉ ሳያስበው ብሉሬይ ቤቱ አስገባ። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ 360 ግን ኤችዲ ዲቪዲ የሚያነበው ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ሳጥን ከተገዛለት ብቻ ነው። ያ ሳጥን ሲወጣ 200 ዶላር ነበር። ማን ይገዛዋል? እኔ የማሽኑን ዋጋ ስቆጥር የፊልም ኩባንያዎቹ የሚቆጥሩት በየቤቱ ምን እንደገባ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። 99 ዶላሩ አይደለም። ማሽኑን ለገዛ ሰው አምስት ዲስክ በነፃ በፖስታ ይላክ ነበር። ቅጹን ትሞላለህ፣ የደረሰኙን ኮፒ ታያይዛለህ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ባርኮድ ቆርጠህ ትልካለህ። ማሽኑ በገባ በማግስቱ፣ ባለቤቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አንስቼ ባርኮዱን ቆረጥኩት። አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል። ከዚያ ዲስክ መግዛት ጀመርኩ። አንዱ ከ25 እስከ 30 ዶላር ነው። የፈረንጅ ገና እስኪደርስ 20 አልፌያለሁ፣ ኋላ 31 ሆኑ። ሂሳቡን አንተው ሥራው፣ እኔ ሠርቼው አላውቅም።

ጃንዋሪ 4 ቀን 2008፣ ዱለስ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከኋላዬ የቆመው ኤርትራዊ ጓደኛዬ ወርዶ መስታወቴን አንኳኳ።

«ሞተልህ» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ማን?»

«ዲስክህ ነዋ!»

ዋርነር ብራዘርስ ከእንግዲህ ብሉሬይ ብቻ ብሎ ነበር። እስከዚያ ለሁለቱም ነበር የሚያወጣው። ሶኒ፣ ዲዝኒና ፎክስ ድሮም በብሉሬይ በኩል ናቸው። የቀሩን ዩኒቨርሳልና ፓራማውንት ነበሩ። የኤችዲ ዲቪዲ ሰዎች ላስ ቬጋስ በዚያው ሳምንት ሊሰጡት የነበረውን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰረዙ። ከዚህ የባሰ መርዶ የለም።

ለገና የተገዛ ዕቃ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ መመለስ ይቻል ነበር። ባለቤቴ «ዛሬውኑ መልሰው» አለች። እኔ እልህ ያዘኝ። «ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ሌላ ስምምነት ይመጣል» እያልኩ ሦስት ሳምንት አባከንኩ። በመጨረሻ ማሽኑን በካርቶኑ፣ ሪሞቱን ሳይቀር በላስቲኩ ጠቅልዬ ሄድኩ።

የደንበኞች አገልግሎት ባንኮኒ ጋ የነበረው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም፣ ማስቲካ ያኝካል። የሱቁን ስም አልጽፍም። ደረሰኜን አየ። ካርቶኑን አገላበጠ። ቀዳዳውን ሲያይ ፈገግ አለ። ከዚያ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ወደኔ አወዛወዘው። እንደዚያ ነው ያደረገው! ቃል አልተነፈሰም። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሳቁ። «ባርኮድ የሌለው ዕቃ አንመልስም» የሚለውን ግድግዳው ላይ አሳየኝ። አለቃውን ጥራልኝ ብል አለቃውም መጥቶ ቀዳዳውን አየና ትከሻውን ነቀነቀ። በአገሬ ልጅ ቋንቋ አንድ ሁለት ነገር ብያቸው ወጣሁ። እግዜር ይመስገን አልገባቸውም።

ፌብሩዋሪ 19 ቶሺባ ራሱ በቃኝ አለ። ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር ከወጣ። አምስቱ ነፃ ዲስኮችስ? ማርች ላይ በፖስታ መጡ። አንዱን ድሮም ገዝቼው ነበር። አንድ ሌላ ትልቅ መደብር ማሽኑን ከሱ ለገዙ ሰዎች የ50 ዶላር ካርድ ሰጠ። የኔው ሱቅ ስልኬንም አላነሳ።

ኋላ ላይ ግን አንድ ነገር ተበቅያለሁ። በ2009 ዋርነር የኤችዲ ዲቪዲውን የሽፋን ወረቀት ለላከ፣ በአንዱ 4.95 ዶላርና የፖስታ ከፍሎ ብሉሬዩን የሚወስድበት መንገድ ከፈተ። ብዙ ሰው አልሰማም። እኔ ዘጠኝ ለወጥኩ። ዲስኮቹም እዚሁ ቀሩ። እንግዲህ ቶሺባም በዚያው ዓመት ብሉሬይ ለመሥራት ገባ። እኔን እዚያ ትቶ!

ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ 4 ይሁን።

4. ወንድምህ ጋ ስለመላክ። የአሜሪካው ማሽን በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ 220 ነው። እኔ ሌላ ማጫወቻ ለአክስቴ ልጅ ልኬ፣ መለወጫ ያስፈልገዋል ብዬ ጽፌ፣ ልጁ ወረቀቱን ሳያነብ ሰካው። በስልክ ነው «ጭስ አለ» ያለኝ። ማንኛውንም ዕቃ ከመላክህ በፊት ጀርባውን አገላብጠህ 100-240 የሚል መኖሩን እይ። ከሌለ ተወው።

ደግሞ እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድምህ ዲስክ ይፈልጋል ወይ? ይሄ የኛ ጦርነት አገር ቤት አልደረሰም። ሰዉ ከቪሲዲና ከዲቪዲ ወደ ፍላሽ ነው የዘለለው፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብና ቴሌግራም። ለልጆቹ ፊልም ከሆነ 60 ዶላሩን ሃርድ ዲስክ ግዛበት።

የግድ ዲስክ ካልክ ያገለገለ ብሉሬይ ፈልግ፣ ግን የአገር ቁልፉን አስብ። የአሜሪካ ብሉሬይ ኤ ነው። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ ናቸው። የአሜሪካ ማሽን ልከህለት እህትህ ከዱባይ ዲስክ ብታመጣለት ላይከፍት ይችላል። ፎርኬ (4K) የሚባሉት አዲሶቹ የብሉሬይ ዲስኮች ይሄ ጣጣ የለባቸውም።

5. ይሄን ሁሉ ሰምተህም ልትሄድ ነው መሰለኝ፣ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። እንግዲያው ማሽኑን ሻጩ ቤት አስከፍተህ እይ። ለመነሳት አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትነቅለው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ መብራት ላይ ያዛቸው። ካረጁት ብዙዎቹ ምንም ጭረት ሳይኖርባቸው ማንበብ እምቢ ይላሉ። ከኔ 31 ስድስቱ እንደዚያ ሆነዋል፣ እንደ ሕፃን ተንከባክቤያቸው። ከዲስኮቹ መሃል በአንድ ፊቱ ኤችዲ ዲቪዲ፣ በሌላው ፊቱ ተራ ዲቪዲ የሆነ ይኖራል። እሱን ለይ፣ በተራው ፊት የአሜሪካ ዲቪዲ ማጫወቻህ ላይም ይሠራል።

ከ15 ዶላር በላይ እንዳትከፍል። እና ስትሄድ የዲስኮቹን ጀርባ ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። አንድ ፊልም አለኝ፣ ምዕራፍ 14 ላይ ሰውዬው በሩን ሊከፍት እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል። እሱ ከተገኘ አምስት ዶላር እኔ እከፍላለሁ፣ መጥቼም እወስደዋለሁ።