ስካን አድርገነው የጠፋብን ማኅደር

ጥያቄ፦ ጎንደር አዘዞ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሠራተኞችን የግል ማኅደር ስካን አድርገን ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥን፤ ስንፈልገው ግን ብዙውን አናገኘውም። ወረቀቱንስ እናስወግደው?

መልስ፦ ወረቀቱን አሁን እንዳታስወግዱ። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ዋናው ሰነድ ክርክር ሲነሣ ይፈለጋል።

የመጥፋቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ስም ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ከመዘገበ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚያው። ስለዚህ በሰው ስም ሳይሆን በማኅደር ቁጥር ሰይሙ፤ ቀጥሎ የሰነዱ ዓይነት፣ ከዚያ ቀኑ፦ 0412-ዕድገት-2016-04-09። በቀኑ ውስጥ ዓመቱ ከፊት ሲሆን የአንድ ማኅደር አንድ ዓይነት ሰነዶች ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከመረጣችሁ ሁሉም በእሱ ብቻ ይጻፍ፤ ከፈረንጆቹ ጋር ከተቀላቀለ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛባል። በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ ሶፍትዌር ጳጉሜንን፣ 13ኛዋን ወር፣ አይቀበልምና ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ መዝግቡት።

ስካን ስታደርጉ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ ግን በቀለም ይሁን። በጥቁርና ነጭ ሲነሣ የደበዘዘ ሐምራዊ ማኅተም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳስበናል። ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን በፒዲኤፍ-ኤ (ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ በተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት) አስቀምጡ።

ቅጂው 3 ይሁን፤ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ፋይል በመቅዳት ላይ እያላችሁ መብራት ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጥ ባለባትሪ መሣሪያ) ጋር አገናኙት፤ በየወሩም 20 ያህል ፋይሎች ከመጠባበቂያው ከፍታችሁ አረጋግጡ።