ጥያቄና መልስ፦ የእናቴ አስምና የቻይናው ቅጠል

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ጎረቤታችን ወደ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ወሰዳት። ጀርባዋ አጠገብ ቅጠል እያነደዱ ያሞቋታል፤ ሞክሳ ይሉታል። ቀለል ብሎኛል ብላ ኢንሄለሯን ትታለች። ወንድሜ ደግሞ "ባዕድ አምልኮ ነው፤ መድኃኒቱም ሞክሳውም ይቅርና ጠበል ብቻ ትያዝ" ይላል። ኃጢአት ነው? መቁረብስ ትችላለች?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። እንደ እሱ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ከወሰደ እምነቱ ጎደለ ይላሉ። ከየት እንዳመጡት ስጠይቅ ግን ጥቅስ የሚያወጣልኝ የለም።

ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢ። ለሞት ታመመ፤ አልቅሶ ጸለየ። እግዚአብሔርም በኢሳይያስ አፍ 15 ዓመት ጨመረለት። ነገሩ አለቀ አይደል? ነቢዩ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ ለጥፉት አለ (ኢሳ. 38)። ቃሉ አንሶ አይደለም። ፈውሱ በበለስ በኩል እንዲመጣ ስለወደደ ነው። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይለናል። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ተናግረዋል።

ቅጠሉ የእኛ የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው። ደርቆ እንደ ጧፍ ይጠቀለላል፤ ጫፉ ይለኮስና ከቆዳ ራቅ ተደርጎ ይያዛል። ሙቀት ነው። የባዕድ ስም ካልተጠራበት ጥንቆላ አይባልም። የአገራችን ሰውስ ስንት ዘመን ሲተኮስ ኖሯል! ከቁርባንም አይከለክላቸውም።

እኔን ያስጨነቀኝ ኢንሄለሩ ነው። የየዕለቱ ኢንሄለር ያበጠውን የአየር ቧንቧ ቀስ እያለ ነው የሚያስታግሰው። ሲተዉትም ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። አሁን ቀለል ያላቸው የቀድሞው መድኃኒት ገና እየሠራላቸው ሊሆን ይችላል። ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ሄደ። ሙቀቱ ሰውነት ያፍታታ ይሆናል። ለአስም እንደሚሠራ ግን የሚያስተማምን ማስረጃ የለም፤ ኢንሄለርን ፈጽሞ አይተካም።

ጢሱስ? ጢስ ራሱ አስም ይቀሰቅሳል። ዕጣን ሲበዛባቸው ደጅ ወጥተው የሚያስቀድሱ እናቶች አሉን፤ እኔም ውጡ እላቸዋለሁ። የአረጋዊ ቆዳም ስስ ነው። ስኳር ካለባቸው ደግሞ ሳይሰማቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ደውዪ። ኢንሄለሩን እንደተዉም ስለ ሞክሳውም ሳትደብቂ ንገሪ፤ እንዳዘዘላቸው ይመለሱበት። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ 911 ጥሪ። ይህን እንደ ምክር ብቻ አትውሰጂው፤ እንደ አባት እያዘዝኩሽ ነው።

ወንድምሽንም ይዘሽው ነይ። እናታችሁ ጠበላቸውን ጠጥተው ኢንሄለራቸውን ሲስቡ እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ።